ጋውን ሳይ ግፊቴ ይወጣል፣ ቤቴ ስገባ ይወርዳል፤ የቱን ልመን?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ግፊት ናቸው፣ ምን ነክቷችሁ እንደሆነ እንጃ። የመጀመሪያው ረዘም ስላለ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ መልሱን ግን ማሳጠር አልቻልኩም፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት (ስለ ቡናው ደግሞ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ)።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። እድሜዬ 46 ነው፣ ባህር ዳር ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። የዛሬ ሁለት ወር አካባቢ ጉንፋን አልለቅ ብሎኝ ሐኪም ጋ ስሄድ ግፊት ሲለኩኝ 168/102 አሉኝ። በህይወቴ ግፊት የሚባል ነገር አላውቅም። ልጅቷ "ኧረ አንተ ሰውዬ!" ብላ ደግማ ስትለካኝ ጭራሽ 172 ገባሁ፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ምንም አልቀረው። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ክኒን ባለ 5 ታዘዘልኝ፣ አራት ቀን ወስጄ ከወንበር ስነሳ ሲያዞረኝ ጊዜ ተውኩት። ወዲያው የጎረቤቴን ማሽን ተውሼ ቤት ስለካ 124/80፣ 128/82 እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ድጋሚ ሄድኩ፣ 160/98። ባለቤቴ ሐኪም ፈርተህ ነው ትላለች፣ ጓደኛዬ ደግሞ የቤት ማሽን አትመን ይላል። አባቴን የወሰደብን ስትሮክ ነው። እውነቱን ልንገርሽና እጄን ልለካ ስዘረጋ ራሱ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልጅ አስተምሬ የማድር ሰውዬ መርፌ እንዳየ ህፃን መሆኔ ያሳፍረኛል። ታዲያ ግፊት አለብኝ ወይስ የለብኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማፈሩን ተወው። እኔ ነርስ ነኝ፣ ስንት ዓመት ትሪያጅ ላይ (በሽተኛ እንደገባ መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ) ተቀምጬ የሰው ክንድ ሳስር የኖርኩ፣ ግን ለቅጥር የጤና ምርመራ ብለው እኔኑ ሲለኩኝ 150 ገባሁልህ። የለካችኝ ደግሞ አብራኝ የተማረች ልጅ ነች፣ እየሳቀች "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ብቻ ያ የካፉ (ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ) ማጣበቂያ ጭርርር ሲል፣ ከዛ ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ሲይዘኝ፣ ስራውን ካላገኘሁስ የሚል ነገር ውስጤ ሽው አለ፣ በቃ። ሌላ ምንም የለም።

ይሄ ነገር ስም አለው፣ በሐኪሙ ልብስ ተጠርቶ በእኛ አፍ የነጭ ጋውን ግፊት ብንለው ያስኬዳል። ሰውነትህ አደጋ አለ ብሎ ሲያስብ አድሬናሊን የሚባለውን ይለቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ቀጫጭን የደም ስሮች ይጠብባሉ፣ ግፊቱ ይወጣል። አንተ "አልፈራሁም" ብትልም ደም ስርህ አንተን አያማክርህም። ደግሞ አዲስ ግኝት እንዳይመስልህ፣ ዛሬ ክንድህ ላይ የሚታሰረውን አይነት መለኪያ በ1896 የሰራው ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ ራሱ የተለካው ሰው የአእምሮ ሁኔታ ቁጥሩን እንደሚቀይረው ያኔውኑ ጽፏል።

ከዛ በ1983 እዛው ጣሊያን ማንቺያ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ አንድ ነገር ሰሩ፣ ሐኪም ቤት የተኙ በሽተኞች ደም ስር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ግፊታቸውን ያለማቋረጥ እየተከታተሉ ሐኪሙ ግፊት ሊለካ ሲገባ ምን እንደሚፈጠር አዩ። በሩን አልፎ አጠገባቸው ሲደርስ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 27፣ የታችኛው ወደ 15 ወጣ። ሰዎቹ "አልፈራንም" ይሉ ይሆናል፣ ቱቦው ግን ይመዘግባል። ከፍታው የሚጎላው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፣ አስር ደቂቃ ገደማ ሲሆን አብዛኛው ይወርዳል። በኋላ ነርስ ስትለካ ሲያዩት ከፍታው አነስ ያለ ሆኖ ተገኘ (ይህቺን ለሐኪም ጓደኞቼ ሳልናገር አልቀርም መቼም)።

አሁን ወደ አንተ። 168ን አይተህ በቃ ግፊተኛ ነኝ ማለትም፣ 124ን አይተህ በቃ ፍርሃት ነው ብለህ መድሃኒት መወርወርም፣ ሁለቱም መቸኮል ነው። እኔን ያሳሰበኝ ምን መሰለህ፣ ማሽኑን የተዋስከው መቼ ነው? "ወዲያው" ብለሃል። አምሎዲፒን ቶሎ ከሰውነት የሚወጣ መድሃኒት አይደለም፣ ካቆምክ በኋላም ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ ያ 124 ግማሹ የመድሃኒቱ ስራ ሊሆን ይችላል፣ አንተ ደግሞ የሰላም ቤቴ ነው ብለህ አመስግነኸዋል። ባለፈው ሳምንት 160 ስትባል ግን መድሃኒቱ ወጥቶ አልቋል። አየህ? ሚስትህ ልትሳሳት ትችላለች፣ ጓደኛህም እንዲሁ።

ስለዚህ አሁን መድሃኒት ከወሰድክ ሰንብቷልና በደንብ ለመለካት ጥሩ ጊዜ ነው። አንድ ሳምንት፣ ጠዋት ሁለቴ ማታ ሁለቴ፣ በሁለቱ መሃል አንድ ደቂቃ ጠብቀህ። ጠዋት ሽንት ቤት ሄደህ ስትመለስ፣ ከቁርስና ከቡና በፊት። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥሮች ሰርዛቸው፣ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው ማሽኑን እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። የቀሩትን 24 ደምረህ አካፍል፣ አስተማሪ ነህ ለአንተ ከባድ አይሆንም። አማካዩ ከ135/85 በታች ከሆነና ሐኪም ጋ 140/90ን የሚያልፍ ከሆነ ያኔ ነው የነጭ ጋውን የሚባለው። ልብ በል፣ ለቤት የተቀመጠው መስመር ከሐኪም ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ቤት 138 አይተህ "ከ140 በታች ነኝ" ብለህ እንዳትፈነድቅ።

አለካኩ ደግሞ ከማሽኑ ይበልጣል እልሃለሁ። ቤታችን ውስጥ ሰው የሚለካው የት ነው? ወይ በርጩማ ላይ፣ መደገፊያ የለውም፣ ወይ ሶፋው ውስጥ ሰምጦ እጁን ዝቅተኛዋ የቡና ጠረጴዛ ላይ አድርጎ። ክንድህ ከልብህ ዝቅ ካለ ቁጥሩ በውሸት ይወጣል፣ አስር ነጥብ ድረስ ሊጨምር ይችላል። ደብተር የምታርምበት ጠረጴዛ ጋ ተቀመጥ፣ ጀርባህን ደገፍ አድርግ፣ ሁለቱም እግሮችህ መሬት ይንኩ፣ እግር አጣምሮ መቀመጥ የለም። ጠረጴዛው ዝቅ ካለብህ ያልታረመ ደብተር መቼም አታጣም፣ ክንድህ ስር ደርድረህ ካፉ ከደረትህ መሃል እኩል እስኪሆን ከፍ አድርገው። አምስት ደቂቃ ዝም። ስልክ የለም፣ ቲቪ የለም፣ "እገሌ ምሳ በልቷል?" የለም፣ ወሬ ብቻውን አስር ነጥብ ይጨምራል። ካፉ ባዶ ክንድ ላይ ነው፣ ሹራብ ላይ አይደለም፣ እጅጌውን ወደ ላይ ጠቅልለህ ክንድህን እንደ ገመድ ቢያስረውም ትክክል አይለካም። የካፉ ልክ ራሱ ጉዳይ ነው፣ ክንድህ ወፍራም ከሆነና የተለመደውን ካፍ ካሰርክበት ቁጥሩ ይዋሻል፣ ካፉ ላይ ከስንት እስከ ስንት ሴንቲሜትር ለሆነ ክንድ እንደሆነ ተጽፏል፣ ክንድህን በሜትር ለካው። እጅ አንጓ ላይ የሚታሰሩትን ባትገዛ ይሻላል፣ የጎረቤትህ ማሽን የላይኛው ክንድ ከሆነ ደህና ነው። በስልክ ካሜራ ጣት አስደግፎ ግፊት እለካለሁ የሚለውን አፕ ደግሞ እርሳው። ጓደኛህ ማሽኑን የጠረጠረው ግን አልተሳሳተም፣ ስለዚህ ሐኪም ጋ ይዘኸው ሂድና እዛው ላይ አስተያዩት፣ እነሱ ለክተው አንተም በራስህ ለክተህ፣ ያኔ ማን እንደዋሸ ይለያል።

መጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ክንድ ለካ፣ ከፍ ባለው ክንድ ቀጥል። ቁጥር ከፍ ሲል አይተህ ሰባት ስምንቴ እየደጋገምክ እንዳትለካ አደራ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ጭንቀት ይጨምራል ጭንቀቱ ቁጥር ይጨምራል፣ ማታ ማታ እንዲህ ሲያደርጉ አድረው ጠዋት አይናቸው ደም መስሎ የሚመጡ ሰዎች አይቻለሁ። ሁለቴ ለክተህ ጽፈህ ማሽኑን ቁምሳጥን ውስጥ ከትተህ ቆልፈው።

ሐኪም ቤት ስትሄድስ? እስኪ ያን ቀን አስታውሰው። ጠዋት ቡና አቦል ቶና ጠጥተህ፣ ክፍለ ጊዜ እንዳያመልጥህ በባጃጅ ተጣድፈህ፣ ፀሐይ ላይ ካርድ ተሰልፈህ፣ ሽንትህ መጥቶ ተራዬ ያልፋል ብለህ ይዘኸው፣ ከዛ እየሮጥክ ገብተህ ገና አየር ሳትስብ ክንድህ ታሰረ፣ ልጅቷም እያወራችህ። ይሄ ሁሉ ሲደመር ጤነኛ ሰው 150 ቢገባ ምን ይገርማል። ቡና ሲጋራና ስፖርት ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት መቅረት አለባቸው፣ የሞላ ፊኛም አስር ነጥብ ገደማ ይጨምራል። በሚቀጥለው ቀደም ብለህ ሂድ፣ ከተቻለ ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ስር አስር ደቂቃ ቁጭ በል፣ ሽንት ቤት ግባ፣ ከዛ ለነርሷ "እህቴ፣ እኔ ስለካ እደነግጣለሁ፣ አምስት ደቂቃ ልቀመጥና ከዛ ለኪኝ፣ ሁለቴም ለኪኝ" በላት። አትቆጣህም። ብትቆጣህ እንኳ የመጠየቅ መብትህ ነው። እኔ ትሪያጅ ላይ በነበርኩበት ጊዜ "እደነግጣለሁ" ብሎ የሚነግረኝን ሰው እወደው ነበር፣ ምክንያቱም ካልነገረኝ እኔም ተሰልፎ የሚጠብቀኝን ህዝብ እያየሁ ጻፍ አድርጌ አልፈዋለሁ፣ ያ የተጻፈ ቁጥር ደግሞ ካርድ ላይ ለዘላለም ይኖራል። "ኧረ አንተ ሰውዬ!" ያለችህ ልጅ ግን ያ አነጋገር የሙያ አነጋገር አይደለም፣ ስለ እሷ እኔ ይቅርታ ልጠይቅህ።

እና ውጤቱ የነጭ ጋውን ነው ቢባልስ? ተገላገልኩ ብለህ እንዳትጠፋ። የነጭ ጋውን ያለበት ሰው በየትም ቦታ ግፊቱ ትክክል ከሆነው ሰው ይልቅ ከጊዜ በኋላ እውነተኛ ግፊት ውስጥ የመግባት እድሉ ሰፋ ያለ ነው፣ አባትህ ደግሞ በስትሮክ ነው የሄዱት። ቢያንስ በዓመት አንዴ ይሄንን የአንድ ሳምንት ልኬት ድገመው። ጨው ቀንስ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፣ እኛ ቤት ደግሞ በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ይገባበታል፣ ወጡ ሲሰራ እንደገና ይጨመራል። አማካዩ ከ135/85 በላይ ከወጣ ደግሞ ጋውኑን አትውቀስ፣ ግፊት አለህ፣ መድሃኒቱን ስለ ማዞሩ ነግረሃቸው መጠኑን ወይ አይነቱን ያስተካክሉልሃል። እስከዛው እኔ ጀምር ወይ አቁም አልልህም፣ ደብተርህን ይዘህ በዚህ አስር ቀን ውስጥ ሂድ፣ አራት ቀን ወስጄ አቁሜዋለሁ ብለህም ሳትደብቅ ንገራቸው፣ ካልነገርካቸው 160ውን አይተው "5ቱ አልሰራም" ብለው 10 ያደርጉልሃል።

አንድ ነገር ብቻ፣ 180/120 እና ከዛ በላይ አይተህ ከሱ ጋር ደረት ህመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ ምላስ መያዝ ወይ የአይን መጨለም ካለ፣ ድንጋጤ ነው ምናምን ብለህ አትቀመጥ፣ ባጃጅ ይዘህ ወደ ድንገተኛ።

ጥያቄ፦ እኔ የማነበው ሁሉ ሐኪም ጋ ከፍ ቤት ዝቅ ነው፣ የባሌ ግን ግልባጩ ነው። ሐኪም ጋ 122/78 ብለውት "አንበሳ ነህ" ተብሎ ይመጣል፣ ቤት እኔ ስለካው 148/94። ማታ ማታ የሚሰራ ሹፌር ነው፣ ጫትም ሲጋራም አለ። ማሽኑ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽኑን እንደ ላይኛው ወንድማችን ሐኪም ጋ ወስደሽ አስተያዪው፣ ግን እኔ ባልሽን ነው የምጠረጥረው። ይሄ የተደበቀ ግፊት ይባላል፣ ከነጭ ጋውኑ ይልቅ እሱ ነው እኛን የሚያስፈራን፣ ምክንያቱም ማንም አያክመውም፣ ልብና ኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ በግልጽ ግፊት ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሐኪም ጋ የሚሄደው ተኝቶ አርፎ፣ ሳይቅም ሳያጨስ ይሆናላ። ህይወቱ ግን ጫት፣ ሲጋራ፣ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ሦስቱም ግፊት ያወጣሉ። አንበሳነቱን ለጊዜው አቆዪው። አንድ ሳምንት ለክታችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ "ሐኪም ጋ ደህና ነኝ ቤት ነው የሚወጣብኝ" በሉ። 24 ሰዓት ታስሮ የሚዋል ማሽን አለ፣ በየ20 እና 30 ደቂቃው እየለካ ሌሊቱን ጭምር ይመዘግባል፣ ካገኛችሁ ለሱ አይነት ሰው ከዛ የተሻለ የለም። ከሱ ጋር ቁጥር እያሳየሽ አትጣዪ ግን፣ ከተጣላሽው በኋላ የምትለኪው ቁጥር አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ ዘጌ ነኝ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ክትትል ስሄድ 146/94 አሉኝና ተመለሺ አሉኝ፣ ባህር ዳር ድረስ መጓዙ ከበደኝ። ሐኪም ስለምፈራ ነው መሰለኝ፣ እራሴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። ይቆይ?

መልስ፦ አይቆይ። እታለም፣ ላንቺ ከላይ ያወራሁት ሁሉ አይሰራም። ከአምስተኛው ወር በኋላ 140/90 ሲያልፍ ፍርሃት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፣ ራስ ምታት ሲጨመርበት ደግሞ ዛሬውኑ ነው። ሽንትሽ ላይ ፕሮቲን እንዳለ ይታያል፣ ደምሽ ይታያል፣ ፅንሱ ይታያል። ፍርሃት ብቻ ሆኖ ቢገኝ ምን ትከስሪያለሽ? የጀልባ ወይ የመኪና ሂሳብ። እይታሽ ብዥ ቢል፣ ከጡትሽ በታች በቀኝ በኩል ቢያምሽ፣ ፊትሽ ወይ እጅሽ ድንገት ቢያብጥ ማንም አጠገብሽ ያለ ሰው ይዞሽ ይሂድ፣ ማታም ቢሆን። ይሄን ስታነቢ ሰዓቱን አትይ፣ ተነሺ።

ጥያቄ፦ 67 ዓመቴ ነው ልጄ። የግፊት መድሃኒት እወስዳለሁ፣ ፍልሰታን ገዳም ገብቼ ጸበል እየጠጣሁ ልሰነብት ነው፣ መድሃኒቱን ይዤ መግባት ነውር ነው ይሉኛል። እስከ 9 ሰዓትም ውሃ አልቀምስም።

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ለጾሙ አደረስዎት። ጸበሉንም ይጠጡ መድሃኒቱንም ይውጡ፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም፣ ንስሐ አባትዎን ቢጠይቋቸውም ይሄን የሚሉዎት ይመስለኛል። በድንገት ማቆም ነው አደገኛው፣ አንዳንዱ መድሃኒት ሲቋረጥ ግፊቱ ተመልሶ ከፍ ብሎ ይመጣል። አምሎዲፒን ከሆነ በቀን አንዴ ስለሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ ምግብ ሲቀምሱ ቢውጡት ይሆናል፣ በየቀኑ ግን በዚያው ሰዓት። የሚያሸናው አይነት ከሆነ ግን ውሃ ሳይጠጡ መዋል ሊያደርቅዎት ይችላል፣ እሱን ከመግባትዎ በፊት ክትትል ለሚያደርግልዎ ሐኪም ይንገሩት። ፓኮውን ጠቅልለው በኪስዎ ይያዙት እንጂ ለማንም ማሳየት የለብዎትም፣ ገዳሙ በጀልባ የሚሻገሩት ከሆነ ግን ዕቃዎን ውሃ እንዳይነካው በፌስታል ይጠቅልሉት፣ ክኒን ከረጠበ በኋላ አይወሰድም።